ያልተነበቡት ሦስት መስመሮች

«ሸና?» አለ አባቷ ከጭሱ ውስጥ።

«አልሸናም።»

«በደንብ እዪ እንጂ።»

ልጅቷ የጀልባ ሞተሩ ውሃ ውስጥ ከተነከረበት በርሜል አጠገብ በርከክ ብላ አፍጥጣለች። ያፈጠጠችው ከሞተሩ ጎን ባለች፣ የእስክሪብቶ ጫፍ በምታህል ቀዳዳ ላይ ነው። የጀልባ ሞተር ከታች ውሃ ይስባል፣ በውሃው ሆዱን ያቀዘቅዛል፣ የሞቀውን ደግሞ በዚያች ቀዳዳ ይተፋዋል። ጀልባ ነጂዎች ይህን «መሸናት» ይሉታል፤ ቃል ለማሳመር ጊዜ የላቸውም። ያልሸና ሞተር ይግላል። የጋለ ሞተር ይነክሳል፣ ማለትም ብረቱ ከብረት ተጣብቆ ይቀራል። የነከሰ ሞተር ለመልሕቅ ካልሆነ ለምንም አይሆንም።

ቀዳዳዋ አንዴ ተፋች። ደገመች። ከዚያ ቀጭን ውሃ ሳይቋረጥ መውረድ ጀመረ።

«ሸና፣» አለች ልጅቷ።

አባቷ ግራሶ የነካውን እጁን አናቱ ላይ ጭኖ ቆመ። ሞተሩ በርሜሉ ውስጥ ውሃውን እየናጠ አንድ ደቂቃ ሄደ፤ ሁለት ሄደ፤ አራተኛው ላይ አባቷ ራሱ አጠፋው። ባለ አራት ፎቁ ሕንጻ በረንዳ ላይ የተሰለፉት ጎረቤቶች አጨበጨቡ። ግማሾቹ ያጨበጨቡት ስለሠራ ነው፤ ግማሾቹ ስለጠፋላቸው።

«ጣውንቴ ተነሣች?» አለች እናቷ፣ ሞተሩን ማለቷ ነው፣ ከሁለተኛው ፎቅ መስኮት፣ የምትሰፋውን ቀሚስ ትከሻዋ ላይ እንደጣለች።

«ጋሼ በይው እንጂ፤ ታላቄ ነው፣» አላት አባቷ። ከዚያ ወደ ጎረቤቶቹ ቀና አለ። «ይቺ ውሃ ሳቢ ጎማ ከዓለም ላይ ጠፍታለች። ከባሕር ማዶ የጻፈልን ሰውዬ ነው ያለው። እኔና ልጄ ግን ከመኪና ጎማ ቆርጠን ሠራናት። አሥራ አንደኛዋ ናት።»

ልጅቷ ፈገግ ለማለት ሞከረች። በርሜሉ ውስጥ፣ በውሃው ላይ፣ ጥቁር ፍርፋሪ ይንሳፈፋል። በጣቷ ነካችው፤ ለስላሳ ነው። ጎማ ነው።

«ካርቦን ነው፣ የቆየ ጥላሸት፣» አለ አባቷ አይቷት።

«ይሆናል፣» አለች። እንዳልሆነ ግን ታውቃለች። ይህን የሚያውቅ ሌላ ሰው በዚያ ግቢ ውስጥ አልነበረም፤ ጭንቀቷም የሚጀምረው ከዚህ ነው።

* * *

የትምህርት ቤት ጓደኞቿ «ማደያ» ነው የሚሏት። ልብስ መቀየሪያ ክፍል ገብታ ጫማዋን ስታወልቅ አንዷ «አቦ ማደያ፣ ዛሬም ሞልተሽ መጣሽ?» ትላለች፤ ሌላዋ «ክብሪት እንዳትጭሩ» ብላ ትጨምራለች። ቤንዚን ቤንዚን ስለምትሸት ነው። መጀመሪያ አስለቅሷት ነበር፤ በኋላ ለመደችው። እኛም ማደያ እንበላት።

ሽታው የሚመጣው አባቷ ሞተሩን ከሚጠግንባት፣ ከደረጃው ሥር ካለችው ክፍል ነው። ክፍሏ ወደ ውስጥ ሦስት እርምጃ፣ ወደ ጎን ሁለት ናት። መስኮት የላትም። ጣሪያው ራሱ ደረጃው ስለሆነ፣ ማደያ ከውስጥ ተቀምጣ ማን እንደወጣ ማን እንደወረደ በኮቴው ትለያለች። የሦስተኛው ፎቅ መምህር አንድ ደረጃ እየዘለለ ይወጣል፤ የአራተኛው ፎቅ ሴትዮ በየአምስት ደረጃው ቆማ ትተነፍሳለች። ሁሉም ወደ ሆነ ቦታ እየሄዱ ነው። እሷ ግን ባትሪ ይዛ «ከፍ አድርጊው፣ ወደ ግራ፣ አሁን አንቀሳቀስሽው» ስትባል ትውላለች።

አባቷ አሥራ ስምንት ዓመት በሐይቅ ላይ ጀልባ ነድቷል። ድርጅቱ ሲዘጋ ቤተሰቡን ይዞ ውሃ ወደሌለበት ከተማ መጣና የአንድ ትልቅ ሕንጻ የሌሊት ጥበቃ ሆነ። ሌሊቱን የሚያሳልፍባት የጥበቃ ቤት እጁን ሲዘረጋ ሁለቱንም ግድግዳ ታስነካዋለች። ጎረቤቶቹ «ካፒቴን» ሲሉት ለቀልድ ነው፤ እሱ ግን የምር አድርጎ ይዞታል። አንድ ቀን ብስክሌቱን ለቁራሌው ሰጥቶ ይህን ሞተር በሁለት ሰው አስይዞ መጣ። እናቷ አንዴ ሞተሩን፣ አንዴ እሱን አየችና «እግርህን ሰጥተህ ብረት አመጣህ» አለችው። ጣውንቴ ማለት የጀመረችውም ያን ቀን ነው።

የሞተሩን ማንነት ያወቁት በማደያ ዘዴ ነው። ከጎኑ ያለችው የብረት ሰሌዳ ተልጣ ቁጥሯ አይነበብም ነበር። ማደያ ስስ ወረቀት አስደግፋ በእርሳስ ስታሸው ቁጥሮቹ አንድ በአንድ ነጭ ሆነው ወጡ። ቁጥሩን ይዛ ትምህርት ቤት ቤተ መጻሕፍት ኮምፒዩተር ላይ ስትፈልግ አሮጌ የጀልባ ሞተር የሚሰበስቡ ሰዎች ማኅበር አገኘች። የማኅበሩ ጸሐፊ ሰማንያ አንድ ዓመት የሞላቸው ጡረተኛ መካኒክ ናቸው። አባቷ የሚለውን እሷ በውጭ ቋንቋ ትጽፋለች፤ ሽማግሌው ይመልሳሉ፤ እሷ አትማ ታመጣለች። በደብዳቤው ግርጌ የትምህርት ቤቱን የፖስታ ሣጥን ቁጥር ታደርግ ነበር፤ ቤታቸው የራሱ ስለሌለው።

እውነት ለመናገር በመጀመሪያ ደስ ይላት ነበር። ሞተሩ የስድሳ አንድ ዓመት ዕድሜ እንዳለው ባነበበችለት ቀን አባቷ ተነሥቶ ሞተሩን እጅ ነሣውና «ጋሼ» አለው፤ ሁለቱም ሆዳቸውን እስኪያማቸው ሳቁ። ችግሩ የመጣው መረብ ኳስ ሲመጣ ነው።

* * *

ማደያ ለመቺዎቹ ኳስ የምታመቻች አቀባይ ሆና የተመረጠችው ሰኞ ቀን ነው። አሠልጣኟ ልምምዱ ቅዳሜ ጠዋት መሆኑን ነገረቻቸው። ቅዳሜ ደግሞ የአባቷ ብቸኛ የዕረፍት ቀን፣ ማለትም የጋሼ ቀን ነው። ለአባቷ ልትነግረው አስባ ነበር። ሳትነግረው የሽማግሌው ደብዳቤ ደረሰ።

ያን ዕለት አባቷ ጄሪካን ገልብጦ ተቀምጦ ነበር። እሷ አምፖሉ ሥር ቆማ ታነባለች። ሽማግሌው ሰላምታ አቅርበዋል፤ ካንዴላው እንዴት እንደሚጸዳ ዘርዝረዋል። ከዚያ ሦስት መስመር ይቀጥላል፦

«ውሃ የምትስበው ጎማ አሁን አትመረትም፤ ሆኖም ከእርስዎ ሞተር በኋላ ለመጣው ሞዴል የተሠራችው ልክ ትገባለች። ሁለት ስላሉኝ አንዷን በፖስታ እልክልዎታለሁ። እስከዚያው ከመኪና ጎማ ቆርጠው እንዳይሞክሩ አደራ፤ እየተፈረፈረች የውሃውን መንገድ ትደፍናለች፣ በዚህ ምክንያት ሐይቅ መሃል ነክሶ የቀረ ሞተር በዓይኔ አይቻለሁ።»

ማደያ የመጀመሪያውን ዐረፍተ ነገር ግማሽ ብቻ አነበበች። «ውሃ የምትስበው ጎማ አሁን አትመረትም ይላል።»

«ከዚያስ?»

በዚያች ቅጽበት ቅዳሜዎቹን ሁሉ አየቻቸው። ጎማዋ ከሌለች ሞተሩ የለም። ሞተሩ ከሌለ ይህች ክፍል የለችም።

«ከዚያ ሰላምታ ነው፣» አለች።

የአባቷ ፊት ጠወለገ። ፊቱ እንደዚያ ሲጠወልግ አይታ ስለማታውቅ ቃሏን ልትመልስ ነበር። እሱ ግን ቀደማት። ጉልበቱን መታ አድርጎ ተነሣና «እነሱ ካልሠሩ እኛ እንሠራታለን» አለ። ደብዳቤውን ከእጇ ተቀብሎ እንዳይበላሽ በላስቲክ አቃፊ ውስጥ ከተተው። እውነቱን ራሱ በገዛ እጁ አስቀመጠ።

እንዲህ ነው ጉድ የፈላው። የውሸቷ ትርፍ ነፃነት መስሏት ነበር፤ በፊት የቅዳሜ ጠዋት ብቻ የነበረው ሥራ አሁን ቅዳሜን ሙሉና፣ አባቷ ከጥበቃ ሲመለስ፣ እሑድን ግማሽ ቀን ሆነ። አሮጌ ጎማ መጣ። ስድስት ክንፍ ያላት፣ ከሻይ ብርጭቆ አፍ የማትበልጥ መዘውር በቢላ መቁረጥ ተጀመረ። አንዷ ጠበበች፣ አንዷ ሰፋች፣ አንዷ ክንፏ ተቀነጠሰ። አራተኛዋን ሲቆርጥ አባቷ አውራ ጣቱን እስከ አጥንቱ ሰነጠቀውና እናቷ በስፌት ክር ልትሰፋው መርፌ ይዛ ወረደች። ማደያ ፒንሳ ትይዛለች፣ ባትሪ ታበራለች፣ ትበሳጫለች። የምትበሳጨው በአባቷ ነው፤ በገዛ ውሸቷ በሰው መበሳጨት እንደማይገባት እያወቀች። ማወቋም አላቀዘቀዛትም። በዚያ ላይ ደብዳቤ መጻፉ ቀርቷል፤ ጎማዋ ከሌለች ሽማግሌውን ምን ይጠይቋቸዋል?

በሰባት ሳምንት ውስጥ ልምምድ የሄደችው ሁለት ጊዜ ነው። አሠልጣኟ «ቅዳሜ ቅዳሜ የምትጠፊው ምን ሆነሽ ነው?» ስትላት «የቤት ሥራ አለብኝ» አለች። እንደ ነገሩ ከሆነ ውሸት አይባልም።

* * *

ሞተሩ ከሸና ከሦስት ቀን በኋላ፣ ማክሰኞ፣ የቤተ መጻሕፍቷ ሴትዮ ጠራቻት።

«የአባትሽ ነው መሰለኝ። ሣጥኑን በወር አንዴ ነው የምንከፍተው፤ ይቅርታ አድርጊልኝ፣ የመጀመሪያውም ወረቀት እዚያው ተኝቶ ነበር። ይሄ ሁለተኛው ነው።»

ቢጫ ወረቀት ነው። የአባቷ ስም አለበት። ጥቅል መጥቷል፣ እስከ ቅዳሜ ስድስት ሰዓት ካልተወሰደ ወደ ላኪው ይመለሳል ይላል።

ማደያ ኮምፒዩተሩ ጋ ሄዳ ሳምንታት ያልከፈተችውን መልእክት ከፈተች። ሽማግሌው ሁለት ጊዜ ጽፈዋል። በሁለተኛው ላይ «ጎማዋ ደረሰችዎት? ገባች? ዛሬ ዛሬ የሚጠይቀኝ ሰው ስለቀነሰ የእርስዎን መልስ ማለዳ ማለዳ አያለሁ» ይላሉ።

አላተመችውም። ቢጫውን ወረቀት አጣጥፋ ጂኦግራፊ መጽሐፏ ውስጥ ከተተችው። ወረቀቱን መቅደድ እንኳን አያስፈልጋትም ነበር። ዝም ካለች በቂ ነው። ቅዳሜ ስድስት ሰዓት ሲሆን ጥቅሉ በራሱ ጊዜ ባሕር ይሻገራል፤ ውሸቷም አብሮ ይሄዳል። ይህን ስታስብ እፎይ ማለት ነበረባት። ይልቁንም በየክፍለ ጊዜው መጽሐፉን እየከፈተች ወረቀቱ መኖሩን ስታይ ዋለች።

ሐሙስ ቀን አሠልጣኟ ሰሌዳ ላይ የተሰላፊዎችን ዝርዝር ለጠፈች። የማደያ ስም አለ። «ሁለተኛዋ አቀባይ እግሯ ስላበጠ ነው፣» አለቻት አሠልጣኟ ሳታሽሞነሙን። «ቅዳሜ አራት ሰዓት ነው ጨዋታው። ቅዳሜ ከጠፋሽ ከእንግዲህ አታስቸግሪኝ፤ እኔም አላስቸግርሽም።»

«እመጣለሁ፣» አለች ማደያ። መምጣት ትችል ነበር። ምክንያቱም አባቷ ቅዳሜ ጠዋት ጋሼን ጭኖ ወደ ሐይቁ ሊሄድ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። የድሮ ጓደኛው፣ አሁን ባለ ጀልባ የሆነው ሰው፣ ጀልባ እንጂ ሞተር የለውም። «ሞተር ይዘህ ና፣ ነጂው አንተ ነህ» ብሎታል። አርብ አመሻሹ ላይ ደወለ። አባቷ ስልኩን ጮክ አድርጎ ጠረጴዛ ላይ አስቀመጠው።

«እሑድ ገበያ ነው፣» አለ ባለ ጀልባው። «ከወዲያ ማዶ የሚሻገር ሰው አለ። ሃያ ሰው ጭነህ ካሻገርክልኝ ቦታው ያንተ ነው። ካልሆነ ሌላ ሰው እየጠየቀኝ ነው፤ ስም አልጠራም።»

«በመጀመሪያው ቀን ሰው እንጭናለን?»

«ምነው፣ ሞተርህን አታምነውም?»

አባቷ ማደያን አያት። ዓይኑ ውስጥ ያለው ኩራት የልጅ ኩራት ነበር። «ከራሴ በላይ ነው የማምነው፣» አለ። «ከልጄ ጋር ነው የሠራሁት።»

እናቷ መርፌዋን ጨርቁ ላይ ሰክታ «እስቲ ቅናት ያዘኝ ልበል» አለችና ሳቀች። ማደያ ራቷን ሳትጨርስ ተነሣች። ያን ሌሊት እንቅልፍ አልወሰዳትም ብል ደስ ባለኝ፤ ወስዷታል፣ ልጅ ናትና። ጠዋት ስትነቃ ግን ሃያዎቹ ሰዎች ጠብቀዋት ነበር። ፊታቸው አይታያትም፤ ጀልባ ላይ ተጠጋግተው መቀመጣቸው ብቻ ነው የሚታያት።

* * *

ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ ፒክአፑ ግቢ ገባ። ሾፌሩና አባቷ ጋሼን በብርድ ልብስ ጠቅልለው ከኋላ ጫኑት፤ ግራና ቀኝ በገመድ አሰሩት። ማደያ ቱታዋን ለብሳ፣ የትምህርት ቤት ቦርሳዋን አንግታ፣ የስፖርት ጫማዋን በፌስታል ይዛ ደረጃው ሥር ቆማለች። ከመኪናው እስከ ግቢው በር ያለው ሃያ እርምጃ ነው። መኪናው ከወጣ በኋላ እሷም ትወጣለች። በቃ፣ ያለቀለት ነገር ነው።

አባቷ እጁን በጨርቅ እየጠረገ መጣና የደረጃውን ሥር ክፍል ቁልፍ ዘረጋላት።

«ለእናትሽ ስጪያት። ከእንግዲህ የመጥረጊያና የባልዲ ትሁን።» ጨርቁን ትከሻው ላይ ጣለ። «አንቺም አረፍሽ። አስቸግሬሻለሁ፣ አውቃለሁ። አላውቅም እንዳይመስልሽ። ብቻዬን ግን አልችለውም ነበር፤ ቢያንስ ማን ያነብልኝ ነበር?»

ቢቆጣት ኖሮ ዝም ትል ነበር። ባያመሰግናትም ዝም ትል ነበር። አሁን ግን ቁልፉን አልተቀበለችውም።

ሾፌሩ ሞተር አስነሣ።

«አባዬ፣» አለች። ድምጿ ለራሷም አልተሰማትም። ደገመችው። «አባዬ፣ ደብዳቤው ላይ ያላነበብኩልህ አለ።»

«የቱ ደብዳቤ?»

«የጎማዋ።»

አባቷ አልገባውም። አቃፊውን ከጋቢናው አወጣና ወረቀቱን ሰጣት፤ ሰባት ሳምንት ሙሉ ሲጠብቀው የከረመው ወረቀት ነው። ማደያ ጣቷን እያንዳንዱ ቃል ሥር እያስኬደች ሦስቱን መስመሮች አነበበችለት። ልክ ትገባለች የሚለውን አነበበች። እልክልዎታለሁ የሚለውን አነበበች። ሐይቅ መሃል የሚለው ላይ ቆመች፤ ደግማ ጀምራ ጨረሰችው። ከዚያ ቢጫውን ወረቀት ከጂኦግራፊ መጽሐፏ አውጥታ ከላዩ አስቀመጠችው።

«ልከዋት ነበር። ፖስታ ቤት ናት። እስከ ስድስት ሰዓት ነው። ቅዳሜ ላይ የነበረው ፍርፋሪም ካርቦን አይደለም፣ ጎማ ነው። አይቼዋለሁ።»

ሾፌሩ መስኮቱን ዝቅ አድርጎ «ካፒቴን፣ እየመሸብን ነው» አለ። ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት እንኳን አልሆነም።

አባቷ ፒክአፑ ጫፍ ላይ ተቀመጠ። ወረቀቶቹን አላያቸውም። የተሰነጠቀ አውራ ጣቱን በሌላኛው እጁ ያሽ ነበር።

«እኔ እኮ ስታነቢልኝ ወረቀቱን አላይም ነበር፣» አለ ቀስ ብሎ። «ፊትሽን ነበር የማየው።»

ለማደያ ስድብ ቢሆን ይሻላት ነበር፤ ስድብ ያልፋል። እናቷ ከመስኮቱ «ምን ሆናችሁ?» አለች።

«ቁርጡን ንገሩኝ እንጂ፣» አለ ሾፌሩ ወርዶ። «ጋሼን ልውሰድ ወይስ ላውርድ?»

አባቷ ዞር ብሎ ገመዱን ነካ። ያሰረው ራሱ ነው፤ የጀልባ ነጂ ቋጠሮ፣ የማይላላ። ሃያ ሰው ጭኖ የሚሄድ ሰው ቋጠሮ ነው። ፈታው።

«አውርድ፣» አለ።

ከዚያ ስልኩን አወጣ። ባለ ጀልባውን «አልመጣም» አለው፤ «ያለችኝ ጎማ ለሃያ ሰው አትታመንም፤ የምትታመነዋን ላስገባና ሁለት ሳምንት ስጠኝ» አለው። ከወዲያ በኩል የመጣው «እስቲ እናያለን» የሚል ቃል ነበር። እስቲ እናያለን ምን ማለት እንደሆነ ማደያም ሾፌሩም ያውቃሉ። አባቷ ከሁሉም በላይ ያውቃል።

ጋሼ ወደ ደረጃው ሥር ተመለሰ። አባቷ በሩ ላይ ቆሞ ነው የጠየቃት፣ ፊቱን ሳያዞር።

«ቅዳሜ ምን ነበረብሽ?»

«መረብ ኳስ።»

«ኳስ?»

«አቀባይ ነኝ። ለመቺዎቹ የማመቻቸው እኔ ነኝ። ዛሬ አራት ሰዓት ጨዋታ አለን።»

አባቷ ዞረ፤ ይህን ለመጀመሪያ ጊዜ የሰማ ሰው ፊት ነበረው፤ ደግሞም ለመጀመሪያ ጊዜ ነው። «ምነው ነግረሽኝ ቢሆን፣» አለ።

«አልጠየቅከኝም፣» አለች፤ ወዲያው ደነገጠች፤ እውነት ግን ነበር። ሁለቱም መሬት መሬት አዩ።

«ሂጂ፣» አላት።

«ፖስታ ቤቱ ጋ የሚሞላ ፎርም ቢኖር...»

«ስሜን መጻፍ አያቅተኝም።» ቢጫውን ወረቀት ደረት ኪሱ ውስጥ አደረገ። ግቢው በር ላይ ሲደርስ ግን ቆመ። «ለሰውዬው መልስ ይጻፍለት። ሲጠብቅ የከረመ ሰው ነው። በእኔ ስም ግን እንዳይሆን።»

* * *

ማደያ ሜዳው ላይ ስትደርስ አራት ሰዓት ከሩብ ነበር። ሮጣ ስለነበር ደረቷ ከፍ ዝቅ ይላል። አሠልጣኟ አየቻት፤ በአገጯ አግዳሚ ወንበሩን አሳየቻት። በእሷ ቦታ እግሯ ያበጠው ልጅ እያነከሰች ኳስ ታመቻቻለች። ውጤቱ አያስደስትም። ከተቀመጡት አንዷ ጠጋ ብላ አሸተተቻትና «ዛሬስ አልሞላሽም እንዴ?» አለቻት። ማደያ አልሳቀችም፤ አልተቆጣችምም።

ከቦርሳዋ ደብተርና እስክሪብቶ አወጣች። እስከዛሬ የጻፈቻቸው ደብዳቤዎች ሁሉ «እኔ ለአሥራ ስምንት ዓመት ጀልባ የነዳሁ ሰው ነኝ» ብለው ነው የሚጀምሩት። አሁን ገጹ ባዶ ነው። ከፊቷ ኳሱ ይነጥራል፣ ፊሽካው ይነፋል። እሷ ጉልበቷ ላይ አጎንብሳ መጀመሪያ ሽማግሌው በሚገባቸው በውጭ ቋንቋ ሁለት ቃል ጻፈች። አየቻቸው። ሰረዘቻቸው።

በቤታቸው ቋንቋ ጀመረችው፣ በትልልቅ ፊደል፣ አባቷ ያለ እሷ እንዲያነበው። ሽማግሌው ጋ ከመሄዱ በፊት እሱ ራሱ ወረቀቱን ያያል። የማይስማማውን ያስተካክላል። የተረጎመችውን የሚያምናት ከሆነ ያኔ ትተረጉመዋለች፤ ካላመናት የሦስተኛው ፎቅ መምህር አለ።

«ጤና ይስጥልኝ። ይህን የምጽፍልዎ ደብዳቤዎን ለአባቴ የማነብለት ልጅ ነኝ። ጎማዋ ሳትደርስ የዘገየችው በፖስታ ቤቱ ጥፋት አይደለም፣» ብላ ጻፈች።

«ማደያ፣» አለች አሠልጣኟ ከሜዳው ዳር። «ተነሺ፣ ቱታሽን አውልቂ። ትገቢያለሽ።»

አግዳሚው ላይ ያሉት ሁሉ ዞረው አዩዋት። ማደያ ቀና አለች፤ ሜዳው ላይ ያለውን ባዶ ቦታዋን አየች፤ ከዚያ ደብተሩን። ቀጣዩ ዐረፍተ ነገር ነው ከባዱ። አሁን ካልጻፈችው ማታ ሌላ መልክ እንደምትሰጠው ራሷን ታውቃታለች።

«መጣሁ፣ አንዲት መስመር ብቻ፣» አለች፤ አጎነበሰችና እስከ አራት ነጥቡ ጻፈችው።